መካንነት የሁለት ሰዎች ጉዳይ ስለ መሆኑ



በአማርኛ ቋንቋ «ወለደ» የሚለው ግሥ ለወንድም ለሴትም ይነገራል። ትውልድ በሚቆጠርበት ጊዜ እንዲያውም ቅድሚያ የሚያገኘው ወንዱ ነው፤ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እርሱም እገሌን ወለደ እየተባለ እስከ ሰባት ቤት ሲዘለቅ የሚስቲቱ ስም አብዛኛውን ጊዜ አይነሣም። ልጅ ሲታጣ ግን አነጋገሩ ይገለበጣል። «አልወለደችለትም» ይባላል እንጂ «አልወለደም» ተብሎ በወንዱ ላይ የሚፈረድበት ጊዜ ጥቂት ነው። መካን የሚለውም ቃል ከሰው አፍ ሲወጣ የሚያርፈው በሴቲቱ ላይ ነው። የዘር ሐረግ በስሙ የሚቆጠርለት ወንድ፣ ዘር ሲቋረጥ ከክሱ ነጻ ይወጣል።

ነገሩ የአነጋገር ልማድ ብቻ ሆኖ ቢቀር ለቋንቋ ሊቃውንት በተተወ ነበር። ይሁን እንጂ ይኸው ልማድ ከመንደር ተነሥቶ በጤና ተቋም በር ይገባል። ልጅ ያጡ ባልና ሚስት ለምርመራ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ካርድ የሚወጣው በሚስቲቱ ስም ነው። ደሟ ይመረመራል፣ ማሕፀኗ በራጅ ይታያል፣ ክኒን ይታዘዝላታል። ባልየው ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ወይም ከነጭራሹ አይመጣም። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ካለፉ በኋላ የባልየው የዘር ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንድም የዘር ሕዋስ ሳይገኝበት የሚቀርበት ጊዜ አለ። ከምርመራዎች ሁሉ ርካሹና ሕመም የሌለበት፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሊደረግ ይገባው የነበረው ምርመራ በመጨረሻ ይደረጋል ማለት ነው። በመካከሉ የጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሴቲቱ ዕድሜ ነው፤ ይህም ምን ማለት እንደ ሆነ ወደ ኋላ ይገለጻል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሕክምና አነጋገር መካንነት ማለት ፈጽሞ አለመውለድ ማለት አይደለም። ባልና ሚስት የወሊድ መከላከያ ሳይጠቀሙ፣ ሳይለያዩም አብረው እየኖሩ 12 ወር ሙሉ ፅንስ ሳይገኝ ሲቀር መካንነት አለ ተብሎ ምርመራ ይጀመራል። ሚስቲቱ 35 ዓመት ያለፋት እንደ ሆነ ግን ስድስት ወር መጠበቅ ይበቃል። ከዚህ በፊት ፅንስ ታይቶ የማያውቅ ከሆነ የመጀመሪያ ደረጃ፣ አንድ ጊዜ ታይቶ ከዚያ ወዲህ የቀረ ከሆነ ሁለተኛ ደረጃ መካንነት ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት ለአካለ መጠን ከደረሱት ሰዎች 17.5 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ከስድስት ሰው አንዱ ገደማ፣ በዕድሜው አንድ ወቅት ይህ ችግር ይደርስበታል፤ በሀብታምና በድኻ አገሮችም መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ነው። እንግዲህ ልጅ በሚበዛበት አገር መካንነት የለም የሚለው አስተሳሰብ መሠረት የለውም። በ2016 በኢትዮጵያ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጆች ትወልድ ነበር። ጎረቤቶቿ አራትና አምስት ሲወልዱ፣ እናቶችም በበኵር ልጃቸው ስም «የእገሌ እናት» እየተባሉ ሲጠሩ፣ መጠሪያ አጥታ የምትቀረው ሴት ብቸኝነት በእንዲህ ያለ አገር ይብሳል እንጂ አይቀንስም።

ፅንስ እንዴት እንደሚገኝ በሚገባ የተረዳ ሰው ጥፋቱን በአንድ ወገን ላይ ለመጣል አይደፍርም። ሳይንስም ቢሆን ወደዚህ ግንዛቤ የደረሰው በብዙ መንከራተት ነው። የሆላንዱ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ በ1677 በሠራው ማይክሮስኮፕ የወንድን ዘር ሕዋስ ሲንቀሳቀስ አየ። የሴትን ዕንቁላል ካርል ኤርንስት ፎን ቤር ለይቶ ያየው ግን በ1827 ነው። በመካከሉ ባለፉት 150 ዓመታት ከሊቃውንት አንዳንዶቹ ሰው ሙሉ በሙሉ በወንዱ ዘር ውስጥ ተጠቅልሎ እንደሚገኝ፣ ሴቲቱም ዘሩ የሚወድቅባት እርሻ ብቻ እንደ ሆነች ያስተምሩ ነበር። ምሳሌው ለገበሬ አገር እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ገበሬ እንኳ አዝመራው ሳይበቅል ሲቀር መሬቱን ብቻ አይወቅስም፤ ዘሩ ነቅዞ እንደ ሆነም ጎተራውን ከፍቶ ያያል።

ሴት ልጅ ዕንቁላሎቿን ሁሉ ይዛ ትወለዳለች። ገና በእናቷ ማሕፀን በአምስተኛው ወር ገደማ ሳለች ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን የሚደርሱ ዕንቁላሎች አሏት፤ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን፣ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ ያህል ይቀራሉ። ከእነዚህም በዕድሜዋ በስለው የሚወጡት ከ400 እስከ 500 ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት በየወሩ ሳይታዩ ይከስማሉ። አዲስ የሚጨመር የለም። ስለዚህ የ38 ዓመት ሴት ዕንቁላል ራሱም 38 ዓመት ያስቆጠረ ነው፤ ቁጥሩ ከማነሱ በላይ በውስጡ ያለው የክሮሞሶም አከፋፈል መሳሳት እየበዛበት ይሄዳል። ጊዜ በዚህ ሕክምና ውስጥ እንደ መድኃኒት ሁሉ መመዘን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

በየወሩ ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ በሚልካቸው ሆርሞኖች አንድ ዕንቁላል ይበስልና ከማኅደሩ ይወጣል። የማሕፀን ቱቦ ጫፍ እንደ ጣት የተሰነጣጠቀ ነውና ዕንቁላሉን አፍሶ ይቀበለዋል። ዕንቁላሉ ከወጣ በኋላ የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው፤ የወንዱ ዘር ግን በሴቲቱ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ከሚፈሱት በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ የዘር ሕዋሳት ዕንቁላሉ ወዳለበት የቱቦ ክፍል የሚደርሱት ጥቂት መቶዎች ናቸው፤ ከዕንቁላሉ የሚዋሐደው ደግሞ አንዱ ብቻ። የተገኘው ሽል እየተከፋፈለ በቱቦው ውስጥ ተጉዞ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ማሕፀን ይገባል፤ ዕንቁላሉ ከወጣ ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜም በማሕፀኑ ግድግዳ ላይ ይተከላል።

ከዚህ አንድ ተግባራዊ ቁም ነገር ይወጣል። በ1995 በአሜሪካ በ221 ሴቶች ላይ ተደርጎ የታተመ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ ፅንስ ሊገኝ የሚችለው ዕንቁላሉ በሚወጣበት ቀንና ከዚያ በፊት ባሉት አምስት ቀኖች፣ በጠቅላላው በስድስት ቀን ውስጥ ነው። ባልየው ረጅም መንገድ የሚነዳ ሹፌር ወይም በግዳጅ ላይ ያለ ወታደር ከሆነ፣ ወይም ሚስቲቱ በዐረብ አገር ሥራ ላይ ቆይታ ለአንድ ወር ዕረፍት ብቻ የምትመጣ ከሆነች፣ «ሦስት ዓመት ተጋብተናል» ማለት ሦስት ዓመት ሞክረናል ማለት አይደለም። ለመድኃኒት ከመቸኰል በፊት ይህን መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም።

የወንዱ ሥርዓት ከዚህ የተለየ ነው። ቆለጥ ከጉርምስና ጀምሮ ያለማቋረጥ ዘር ያመርታል። አንድ የዘር ሕዋስ ተሠርቶ እስኪያልቅ 74 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ከዚያም በላይኛው ጠመዝማዛ ቧንቧ ውስጥ እያለፈ እስኪጎለምስ ጥቂት ተጨማሪ ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ ዛሬ በመነጽር የሚታየው ዘር ማምረቱ የተጀመረው ከሦስት ወር ገደማ በፊት ነው። በዚያን ጊዜ ጽኑ ትኵሳት ታሞ የነበረ ሰው ዛሬ ውጤቱ ደካማ ሆኖ ቢገኝ አያስደንቅም፤ ዛሬ የተጀመረ ሕክምናም ፍሬው የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው። በአንድ ምርመራ ብቻ ወንድን መካን ነው ማለት የማይገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

የወንዱ ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ ሲጠየቅ፣ ከአምስት መካን ጥንዶች በአንዱ ገደማ ችግሩ የወንዱ ብቻ ሲሆን፣ በሌሎች ከሲሶ በማያንሱት ወይም ወደዚያ በሚጠጉት ላይ ደግሞ የሁለቱም ሆኖ ይገኛል። ሁለቱ ሲደመሩ በግማሽ ያህሉ የወንዱ እጅ አለበት ማለት ነው። ወንድነት ሳይጓደል ዘር ሊጓደል እንደሚችል ለሕዝብ ማስረዳት ቀላል ሥራ አይደለም። ጢም ያለው፣ ድምፁ የጐረና፣ ከሚስቱ ጋር ለመገናኘት አንዳች እክል የሌለበት ሰው በፈሳሹ ውስጥ ምንም ዘር ላይኖረው ይችላል፤ ምክንያቱም የወንድነትን ሆርሞን የሚያመነጩት ሕዋሳትና ዘር የሚያመርቱት ቱቦዎች በአንድ ቆለጥ ውስጥ ቢኖሩም የተለያዩ ናቸው። ከዚህ በፊት ከሌላ ሴት ልጅ ወልጄአለሁ የሚል ወንድም ከምርመራ ነጻ አይሆንም። ከያኔ ወዲህ ጨብጥ ይዞት፣ ጆሮ ደግፍ ወደ ቆለጡ ወርዶበት፣ ወይም በቆለጡ ዙሪያ ያሉት የደም ሥሮች አብጠው ሊሆን ይችላል።

ምርመራው እንደሚከተለው ነው። ሰውየው ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ይታቀባል። ከዚያም ፈሳሹን በንጹሕ፣ አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ሳያፈስ ይሰጣል፤ ላቦራቶሪውም ቢቻል በ30 ደቂቃ፣ ቢዘገይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማየት ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባሳተመው ስድስተኛ መምሪያ መሠረት የፈሳሹ ልክ ቢያንስ 1.4 ሚሊ ሊትር፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው ዘር 16 ሚሊዮን፣ በጠቅላላው 39 ሚሊዮን፣ የሚንቀሳቀሰው 42 በመቶ፣ ቅርጹ የተስተካከለው 4 በመቶ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የተወሰዱት በአንድ ዓመት ውስጥ ሚስቶቻቸው ከፀነሱላቸው ወንዶች ሲሆን፣ ከመቶው አምስቱ ከዚህ በታች ሆነው ሳለ ወልደዋል። ስለዚህ 14 ሚሊዮን የተገኘበት ሰው አይወልድም ተብሎ አይፈረድበትም፤ 60 ሚሊዮን የተገኘበትም ዋስትና አልተሰጠውም። ፈጽሞ ባዶ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ከመነጽሩ ይልቅ ቦታው ይከብዳል። ለወንዱ በሰው ፊት ብልቃጥ ሰጥቶ ወደ ሕዝብ መጸዳጃ ቤት መላክ ምርመራውን እንዲጠላ ማድረግ ነው። በቤቱ አዘጋጅቶ፣ በሰውነቱ ሙቀት ጠብቆ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲያመጣ መፍቀድ ይቻላል፤ ካልሆነም ቁልፍ ያለው አንድ ክፍል ይበቃል። ሰውየውን ለዚህ የሚያግባባው ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ሳይሆን አዋላጇ ወይም ነርሷ ናት። «ችግሩ የአንተ መሆኑን እንድናውቅ» ከማለት «የእርስዎ ውጤት ሳይኖር የእርሷን ሕክምና መጀመር አይቻልም» ማለት ይሻላል፤ እውነትም ነው።

የሚገኙት ምክንያቶች ሁሉ መፍትሔ የሌላቸው አይደሉም። ያበጠው የደም ሥር በቀዶ ሕክምና ይታሰራል፤ የሆርሞን ጉድለት በመርፌ ይተካል፤ ኢንፌክሽን ይታከማል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ሊታለፍ አይገባም። ወንድነትን ያጠነክራል ተብሎ የሚወሰደው የቴስቶስተሮን መርፌ ዘርን ከመጨመር ይልቅ ያደርቀዋል፤ ፒቱታሪ ዕጢው ሆርሞኑ በቂ ነው ብሎ ትእዛዙን ያቆማልና። ልጅ ለሚፈልግ ወንድ ይህን መርፌ ማዘዝ የሚፈልገውን መከልከል ነው።

በሴቲቱ በኩል የሚገኘው ሁሉ ተራ በተራ ቢዘረዘር ብዙ ነው፤ የዕንቁላል አለመውጣት፣ የታይሮይድ መዛባት፣ የማሕፀን ዕጢ፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይገኙበታል። በአፍሪካ ምድር ግን ከሁሉ የላቀው የቱቦ መዘጋት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1979 እስከ 1984 በ25 አገሮች፣ በ33 የሕክምና ማዕከሎች 5,800 የሚሆኑ ጥንዶችን በአንድ ዓይነት ዘዴ አስመርምሮ ነበር። በ1985 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ ከኢንፌክሽን ጋር የተያያዘ የመካንነት ምክንያት በዓለም አቀፍ ደረጃ ከሴቶቹ በሲሶው ላይ ሲገኝ፣ በአፍሪካ ግን 85 በመቶ በሚሆኑት ላይ ተገኘ። ይህም ማለት የአብዛኞቹ መካንነት ከተፈጥሮ የመጣ ሳይሆን ሊከላከሉት ይቻል የነበረ ነው።

በስዊድን በሉንድ ከተማ ከ1960 እስከ 1984 የተደረገውና በ1992 የታተመው ክትትል ደግሞ አደጋው እንዴት እንደሚደራረብ አሳይቷል። አንድ ጊዜ ብቻ የማሕፀንና የቱቦ ኢንፌክሽን ከያዛቸው ሴቶች 8 በመቶ፣ ሁለት ጊዜ ከያዛቸው 19.5 በመቶ፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከያዛቸው 40 በመቶ ያህሉ በቱቦ መዘጋት መካን ሆኑ። ጨብጥና ክላሚዲያ የዚህ ዋና አምጪዎች ናቸው። ወንዱ ሲያቃጥለው ያውቀዋል፤ ሴቲቱ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማትም። ከዚህም የተነሣ ባልየው በድብቅ ወደ መርፌ ወጊ ሄዶ ድኖ ይመለሳል፤ ሚስቲቱ ግን ሕመሙን ይዛ ትቀራለች። ከዓመታት በኋላ ቱቦዋ ተዘግቶ ሲገኝ መካን የሚለው ስም ለእርሷ ይሰጣል። ጨብጥ ያለበትን ወንድ ሚስቱን ሳይጠሩ ማከም፣ ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ ግማሽ ሕክምና ከመሆኑም በላይ ለወደፊቱ መካንነት መንገድ መጥረግ ነው።

ለኢንፌክሽን የሚዳርገው ግን የአባለ ዘር በሽታ ብቻ አይደለም። ንጽሕና በጐደለው ሁኔታ የተፈጸመ ውርጃና ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ኢንፌክሽንም ያው ነው፤ አንድ ልጅ ወልደው ሁለተኛውን ያጡ ሴቶች ታሪክ ብዙውን ጊዜ ወደዚህ ይመልሳል። በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2016 ጥናት 26 በመቶ፣ በ2019 ጥናት 48 በመቶ ነበሩ። ይህ ጭማሪ የሚነገረው የእናቶችን ሞት ለመቀነስ ሲባል ነው፤ ለቱቦዎችም የሚሰጠው ጥበቃ ግን በሪፖርት ሲጠቀስ እምብዛም አይሰማም። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ከሳንባ ተነሥቶ በደም አማካይነት ቱቦዎችን እንደሚያጠቃም ማስታወስ ያሻል፤ ነቀርሳ በሚገኝበት አገር ይህን ሳይጠረጥሩ ማለፍ አይገባም።

ቱቦው ለተዘጋባት ሴት መንገድ የከፈተው በእንግሊዝ አገር የተደረገ ረጅም ድካም ነው። የሥነ ሕይወት ሊቁ ሮበርት ኤድዋርድስ፣ የማሕፀን ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶና ነርሷ ጂን ፐርዲ በኦልደም ከተማ የጀመሩት ሥራ የመንግሥቱን የሕክምና ምርምር ምክር ቤት የገንዘብ ድጋፍ በ1971 ተነፍጎ ነበር። ከ1969 እስከ 1978 ለዚህ ሙከራ ራሳቸውን ያቀረቡት ሴቶች 282 ነበሩ፤ ሕያው ልጅ የታቀፉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ዓለም የሚያስታውሰው የመጀመሪያዋን ነው። ሌስሊ ብራውን ቱቦዋ ተዘግቶ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አጥታ የኖረች ሴት ነበረች። በኖቬምበር 1977 በላፓሮስኮፕ አንድ ዕንቁላል ተወስዶ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከባሏ ዘር ጋር ተዋሐደ፤ ስምንት ሕዋስ በሆነም ጊዜ ወደ ማሕፀኗ ተመለሰ። ልጇ ሉዊዝ በጁላይ 25 ቀን 1978 ተወለደች። ሽሎቹ ሲከፋፈሉ በላቦራቶሪው የምትጠብቀውና የምትመዘግበው ፐርዲ በ1985፣ ስቴፕቶ በ1988 ዐረፉ፤ የኖቤል ሽልማት ለኤድዋርድስ ብቻ የተሰጠው በ2010 ነው። በ2019 ለሕዝብ የተከፈቱት ደብዳቤዎች እንደሚያሳዩት፣ በኦልደም ለሚቆመው የመታሰቢያ ጽሑፍ የፐርዲ ስም እንዳይቀር ኤድዋርድስ አጥብቆ ተከራክሮ ነበር። ስሟ ግን ብዙ ዘመን ሳይጻፍ ቀረ። በነርስነት ሙያ ላሉ ሰዎች ይህ እንግዳ ታሪክ ላይሆን ይችላል።

ለወንዱ ችግር ተመጣጣኝ የሆነው መፍትሔ የመጣው በ1992 ነው። በብራስልስ ጃንፒዬሮ ፓሌርሞና ባልደረቦቹ አንዲት የዘር ሕዋስ በቀጭን የመስታወት መርፌ ዕንቁላል ውስጥ አስገብተው ፅንስ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠር ዘር የሌለው ሰው፣ በፈሳሹ ባይገኝም ከቆለጡ በመርፌ ጥቂት ዘር የተገኘለት ሰው፣ አባት ሊሆን ይችላል። የእጅ ጥበቡ የሚደነቅ ቢሆንም በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነገር አለው። ሕመሙ የወንዱ ሆኖ ሳለ የሚታከመው በሴቲቱ ገላ ነው፤ ሆርሞኑን ቀናት ሙሉ የምትወጋው እርሷ ናት፣ ዕንቁላሉ በመርፌ የሚቀዳው ከእርሷ ነው፣ ውጤቱ ሲከሽፍ የሚደማውም የእርሷ ማሕፀን ነው። እንዲህም ሆኖ ቤተ ዘመድ ሆስፒታል የምትመላለሰውን እርሷን አይቶ «እርሷን እያሳከማት ነው» ይላል። ከዚህም ሌላ የዘሩ ማነስ በዋይ ክሮሞሶም ላይ ካለ ጉድለት የመጣ እንደ ሆነ ወንድ ልጅ ያንኑ ጉድለት ከአባቱ እንደሚወርስ አስቀድሞ ሊነገር ይገባል።

በኢትዮጵያ በ2019 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል መከፈቱ፣ ቀድሞ በውጭ አገር ብቻ ይፈለግ የነበረውን ሕክምና በመንግሥት ሆስፒታል እንዲገኝ አድርጓል። ማዕከል መኖሩ ደግሞ በታችኛው ደረጃ ያለውን ሥራ አያስቀርም፤ እንዲያውም ያበዛዋል። ሕክምናው ሴቲቱ ከ35 ዓመት ካለፈች በኋላ ውጤቱ እየቀነሰ፣ ከ40 በኋላም በእጅጉ እየደከመ ይሄዳል፤ የትኛውም ላቦራቶሪ ያለፈን ዕንቁላል አይመልስም። በ28 ዓመቷ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣች ሴት ባሏ ሳይመረመር አሥር ዓመት ክኒን ስትውጥ ቆይታ በ38 ዓመቷ ወደ ማዕከሉ ብትላክ፣ ዕድሏን ያጠበበው የማዕከሉ ርቀት አይደለም።

በመንገድ ላይ የሚያልፉ ሌሎች ዓመታትም አሉ። ልጅ ያጡ ባልና ሚስት ጠበል ይጠመቃሉ፤ ስለት ተስለው ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል የሚሄዱ አሉ። የጤና ባለሙያ ይህን መቃወም የለበትም፤ የሚቃወም ባለሙያ የሚያገኘው ነገር ቢኖር የተዘጋ አፍ ብቻ ነው። ይልቅስ የሚያስገርመው ለስለቱ ሁለቱ አብረው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ለምርመራው ግን አንዷ ብቻ መላኳ ነው። አብረው የተሳሉት ባልና ሚስት አብረው እንዲመረመሩ መጠየቅ እምነትን አይነካም።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ባልየው በስውር መጥቶ ይመረመራል፤ ውጤቱ ባዶ ይሆናል፤ «ለሚስቴ እንዳትነግሩብኝ» ብሎ ይለምናል። የሕሙማንን ምስጢር መጠበቅ የሙያው ግዴታ ስለ ሆነ ባለሙያው ዝም ይላል። ሚስቲቱ በሚቀጥለው ወር ትመጣለች፤ እንደ ገና ራጅ ትነሣለች፣ እንደ ገና ክኒን ትውጣለች። አማቷ ሌላ ሴት እንዲያገባ ልጇን ትመክራለች፤ እርሱም እውነቱን እያወቀ ዝም ይላል፣ አንዳንዴም ይፈታታል። ውጤቱን ለእርሷ መናገር ምስጢር ማውጣት ነው፤ ለእርሷ ክኒን ማዘዝ ደግሞ ውሸትን በማዘዣ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ከዚህ ጠባብ በር ውጤቱ ከወጣ በኋላ የሚያወጣ መንገድ የለም። መንገዱ ያለው አስቀድሞ ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን ሲመጡ፣ አንድም ጠብታ ደም ወይም ፈሳሽ ሳይሰጡ፣ ውጤቱ የማንም ይሁን የማን ለሁለቱም በአንድነት እንደሚነገር በግልጽ ተነግሯቸው ይስማማሉ። የማይስማማ ወንድ ቢገኝ የራሱን ምርመራ ብቻውን ሊያደርግ መብቱ ነው፤ ሚስቱ ግን የእርሱ ውጤት እስካልቀረበ ድረስ ከመሠረታዊው ምርመራ የሚያልፍ ሕክምና እንደማይጀመርላትና ምክንያቱም ምን እንደ ሆነ እንድታውቅ ይደረጋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው። በአንድ ቀን የሚወጡና አንድ ላይ የሚታሰሩ ሁለት ካርዶች፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሁለቱ ፊርማ፣ በሚስቲቱ የቀጠሮ ወረቀት አጠገብም የባልየው ሁለተኛ ምርመራ የሚደረግበት፣ ከመጀመሪያው በሦስት ወር የሚርቅ ቀን ተጽፎ ይሰጣቸዋል።